ቤድፎርድ የማን ልጅ ነበር?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ በ1950ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ቤድፎርድ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። እርሳቸው ‹የእንግሊዝ ብረት› ይሉታል። አጎቴ ደግሞ ‹ሞተሩ ሸቭሮሌት ነው፣ መኪናው አሜሪካዊ ነው› ብሎ ይከራከራል። ማን ልክ ነው? ፋብሪካውስ የት ገባ? የእንግሊዝ መንግሥት ገደለው የሚባለውስ እውነት ነው? ባለን ፎቶግራፍ ላይ መሪው በቀኝ በኩል ነው።»

ቤድፎርድ ክልስ ነው። ገንዘቡ ከአሜሪካዋ ከተማ ከዲትሮይት፣ እጁ ከእንግሊዟ ከተማ ከሉተን። አጎትዎ «ሞተሩ ሸቭሮሌት ነው» ያሉት ለመኪናው አያት ይሠራል እንጂ አባትዎ ለነዱት መኪና አይሠራም። የልጅ ልጅ ሆኖ መልክ መውረሱ ግን አይካድም። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በቀረጥ ነው። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል በ1915 ከውጭ በሚገቡ የቤት መኪኖች ላይ ከዋጋቸው ሲሶውን የሚያህል ቀረጥ ጣለች። ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነው ተብሎ የወጣው ይህ ቀረጥ ጦርነቱ አልቆም ቀጠለ፤ በ1924 ተነሥቶ በ1925 ተመልሶ ተጣለ። በ1926 ደግሞ ለንግድ መኪኖችም ተዳረሰ። የሸቭሮሌት ባለቤት የሆነው የዲትሮይቱ ኩባንያ ጀነራል ሞተርስ በዚያን ጊዜ በሰሜን ለንደን ሄንደን በተባለ ሠፈር የሸቭሮሌት የጭነት መኪና ይገጣጥም ነበር። ቀረጡን ለማምለጥ ግን መገጣጠም ብቻ አይበቃም። እዚያው አገር መሥራት ያስፈልጋል። እዚያው አገር ለመሥራት ደግሞ ወይ አዲስ ፋብሪካ መገንባት፣ ወይም ያለውን መግዛት ነው።

አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ዓይናቸውን የጣሉት ኦስቲን በተባለው ትልቅ ፋብሪካ ላይ ነበር። ድርድሩ ፈረሰ። ከዚያ በ1925 ቮክስሆል የተባለውን ትንሽ ኩባንያ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ። ቮክስሆል ከለንደን ወደ ሉተን ከተማ የተዛወረው በ1905 ነው። ጥቂት፣ ጥሩ እና ውድ የቤት መኪኖችን የሚሠራ ቤት እንጂ የጭነት መኪና ባለሙያ አልነበረም። በወቅቱ ብዙ ሰው ግዢውን እንደ ሞኝነት ሳያየው አልቀረም። የጀነራል ሞተርስ አለቃ አልፍሬድ ስሎን ግን ቮክስሆልን የገዛው እንደ መማሪያ ነበር። በሰው አገር መኪና መሥራት ምን እንደሚመስል በትንሽ ገንዘብ መማር ፈልጎ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ጀርመን አገር ኦፔልን በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲገዛ ትምህርቱ የት እንደዋለ ታየ።

በ1929 የሸቭሮሌት ሥራ ከሄንደን ወደ ሉተን ተዛወረ። መኪናው ለጥቂት ጊዜ «ሸቭሮሌት ቤድፎርድ» ተብሎ ተሸጠ፤ ሉተን የምትገኘው በቤድፎርድሺር አውራጃ ስለሆነ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። በሚያዝያ 1931 ደግሞ «ሸቭሮሌት» የሚለው ተቆርጦ ቀረና 2 ቶን የሚጭነው የመጀመሪያው ቤድፎርድ ወጣ። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.2 ሊትር ገደማ፣ ሲሊንደሩ የጎን ሳይሆን የላይ ቫልቭ ያለው ነበር። አጎትዎ የሚሉት ሸቭሮሌት እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሐሳቡ ከአሜሪካው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሸቭሮሌት በቀጥታ የተወሰደ ነው። ተፎካካሪዎቹ በዚያ ዋጋ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሚሸጡበት ገበያ ስድስት ሲሊንደር ይዞ መምጣት ትልቅ ነገር ነበር። አንድ ነጋዴ ቤድፎርዱን ለሙከራ ነድቶ ወደ ድሮው መኪናው ሲመለስ መሪው በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ብዙ ሰው ቤድፎርድን ያሸነፈው ርካሽነቱ ነው ይላል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ እኔ ግን ያሸነፈው ሕግን በማንበቡ ነው ባይ ነኝ። በ1930ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የጭነት መኪና የፍጥነት ገደብ የሚወሰነው በባዶ ክብደቱ ነበር። ባዶውን ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድለትም። ከዚያ በታች የሚመዝነው ግን 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ይፈቀድለታል። በአንድ የሥራ ቀን ይህ ልዩነት ስንት ምልልስ እንደሆነ የመኪና ባለቤት የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ዓመታዊ ግብሩም የሚሰላው በባዶ ክብደት ነበር። ስለዚህ አሸናፊው ብዙ ጭኖ ራሱ ግን ቀላል የሆነ መኪና ነው።

የሉተን ሰዎች በ1934 መጨረሻ ያወጡት ደብሊዩቲ የተባለው መኪና መልሱ ነበር። ሞተሩንና ጋቢናውን ወደ ፊት ገፉት፤ የሞተሩ ክብደት የፊት እግር ላይ አረፈ። ከኋላ የጭነት ሣንቃው ረዘመ፣ ጭነቱም በሁለቱ እግሮች ላይ በወጉ ተከፋፈለ። ሻንሲውን ማወፈር ሳያስፈልግ 3 ቶን፣ በእኛ አነጋገር 30 ኩንታል፣ ተጫነበት። ባዶው ግን ከዚያች የሁለት ቶን ተኩል መስመር በታች ቀረ። ፖሊስ ሊያስቆመው አይችልም፣ ግብሩም ትንሽ ነው። በእርግጥ ባለቤቶች 50 እና 60 ኩንታል ይጭኑበት ነበር፤ ይህ በእኛ አገር ብቻ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ከዚህ የምትረዱት አንድ ነገር አለ። ዲትሮይት የተቀመጠ መሐንዲስ የእንግሊዝን የባዶ ክብደት ሕግ እያሰበ መኪና አይነድፍም። ጀነራል ሞተርስ በዚያን ዘመን ለሉተን ገንዘብና የአመራረት ዘዴ ሰጥቶ ንድፉን ለእነርሱ ተወላቸው። ቤድፎርድ እንግሊዛዊ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አባትዎ «የእንግሊዝ ብረት» ማለታቸው ትክክል የሚሆነውም በዚህ ነው።

ጦርነቱ መጣ። ቤድፎርድ ለእንግሊዝ ጦር የሠራው መኪና ከ250,000 በላይ ነው። በአራቱም እግሩ የሚነዳው ኪውኤል የተባለው ብቻ ከ52,000 በላይ ተመርቷል። በ1940 እንግሊዞች ከዱንኬርክ በጀልባ ሲሸሹ መኪኖቻቸውን እዚያው ጥለዋቸው ሄዱ። ጀርመኖች ቤድፎርዶቹን ቀለም ቀይረው ነዷቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 30 ቀን የሉተን ፋብሪካ በአውሮፕላን ተደበደበና 39 ሠራተኞች ሞቱ። ቸርችል የተባለውን ታንክ የነደፈው ቮክስሆል ነው፤ ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 350 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ ቤድፎርድ ነበር። የጭነት መኪና ሠሪ እጅ ስላለበት ጥገናው ለመካኒክ የሚመች ሆነ ብዬ ላሞግሰው ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ቸርችሎች ግን በችኮላ ስለተሠሩ በብልሽት የታወቁ ነበሩ።

ጀርመኖች በሌላ በኩል የሚነዱት ዋናው የጭነት መኪና ኦፔል ብሊትዝ ነበር። ኦፔል ደግሞ የማን ነው? የጀነራል ሞተርስ። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ አሜሪካኖቹ ኦፔልን ማዘዝ አልቻሉም፤ በወረቀት ግን የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተያዩ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት የቤድፎርድ ዘመን ነው። ሉተን ስለጠበበ የጭነት መኪናው ሥራ በ1950ዎቹ አጋማሽ አጠገቡ ወዳለችው ወደ ደንስተብል ተዛወረ። ቫኖቹ፣ ማለትም ሲኤ እና በኋላ ሲኤፍ፣ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ እዚህ አልገባበትም። ኦቢ የሚባለው ባለ ኮፈን አውቶቡስ 12,766 ተሠርቶ የእንግሊዝን ገጠር ከከተማ አገናኘ፤ አንዳንዱ ዛሬም ለሠርግ ይከራያል። በ1950 ኤስ የተባለው 7 ቶን የሚጭነው መጣ። ከእርሱ የወጣው አርኤል የተባለው ወታደራዊ መኪና አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ የእሳት አደጋ መኪና ሆነ፤ እንግሊዞች «አረንጓዴዋ አምላክት» ይሏታል። በ1950ዎቹ የኑክሌር ጦርነት ፈርተው ሠርተዋት በየመጋዘኑ አስቀመጧት። ቦምቡ አልመጣም። ነገር ግን በ1977 እና በ2002 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ወታደሮች አቧራዋን አራግፈው ወጡባት።

በ1958 ቲጄ፣ በ1960 ገደማ ደግሞ ቲኬ ወጡ። ቲጄ ባለ ኮፈን ነው፤ ሞተሩ ከፊት፣ ኮፈኑን ከፍ ሲያደርጉ ሁሉም ነገር እጅ ላይ ነው። በውጭ ገበያ ዕድሜውን ያስረዘመውም ይኸው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከተረሳም በኋላ ለውጭ አገር መሠራቱን ቀጠለ። ፓኪስታን ውስጥ ጋቢናው በእንጨት ዘውድ፣ በአበባና በአንበሳ ሥዕል የተንቆጠቆጠው መኪና ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ቤድፎርድ ነው። ሱዳንም እንዲሁ ናት፤ ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ሰውና ዕቃ አብሮ በሚጭነው በሱቅ ሎሪ ላይ ተቀምጦ አሸዋ የበላ ወገን ካለ ስሙን ከአፍንጫው ላይ አንብቦታል። እኛ አገር ግን ጣሊያኖቹ ቀድመው ስለገቡ የሾፌሩ ቋንቋ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ ሆኖ ቀረ፤ የእንግሊዝ መኪናም ሲነዳ በጣሊያንኛ ነበር የሚነዳው።

ስለ ቲኬ ትንሽ ልቆይ፤ እጄን የሰጠሁበት መኪና ነው። ጋቢናው ወደ ፊት የወጣ፣ ኮፈን የሌለው ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሲሠራ ዋናው ራስ ምታት ሞተሩን የት እናድርገው የሚለው ነው። በዚያን ዘመን አብዛኛው ፋብሪካ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ያስቀምጠው ነበር። ሾፌሩ ክረምት በጋ እግሩ ይጠበሳል፣ ጆሮው ይደነቁራል፣ ሦስተኛ ሰው መቀመጫ የለውም። ዛሬ እንደምናየው ጋቢናውን በሙሉ ወደ ፊት ማዘንበል ገና አልተለመደም። የሉተን ሰዎች ሞተሩን ከመቀመጫው ኋላ ወስደው ከጋቢናው ጀርባ ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ከሁለቱም በሮች ኋላ፣ በጋቢናው ጎን ላይ፣ ወደ ላይ የሚከፈት ክዳን ሠሩ። መካኒኩ መሬት ላይ ቆሞ፣ መሰላል ሳይፈልግ፣ ዘይት ይለካል፣ የናፍጣ ማጣሪያ ይቀይራል፣ ኢንጄክተር ይፈታል። ተለማማጅ ሳለሁ ገና ያልበረደ ሞተር ላይ ክዳኑን ከፍቼ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። የጭስ ማውጫውን ቧንቧ በአንጓዬ ነካሁት። ጠባሳው አሁንም አለ። ሽማግሌው ሜካኒክ ያኔ ያሉኝ «መኪናው ቦታ ሰጥቶሃል፤ ጊዜ ግን አንተ ስጠው» ነበር።

ያ ክዳን ቲኬን ከሃያ ዓመት በላይ አኖረው። እናም፣ እንዲህ ማለት ከተፈቀደልኝ፣ ቤድፎርድን ያሰነፈውም እርሱ ነው። የሚሸጥ መኪና ያለው ፋብሪካ አዲስ ለመሥራት አይቸኩልም። ፎርድ በ1965 ዲ የተባለውን በሚያዘነብል ጋቢና አወጣ። ቤድፎርድ ለቲኬ ቦታ የሚያዘነብል ጋቢና ያለው ቲኤል የተባለውን ያወጣው በ1980 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ሾፌርም ገዢም በዚህ መካከል ወደ ፎርድ ሄደ።

ከላይ በኩል፣ በከባዱ ተሳቢ ገበያ፣ ነገሩ የባሰ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ አውራ ጎዳናዎች ተሠርተዋል፣ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት እየጨመረ ነው፣ ከስዊድን ቮልቮና ስካኒያ እየገቡ ነው። ቤድፎርድ በ1974 ቲኤም የተባለውን ከባድ መኪና አወጣ። ጋቢናው ጥሩ፣ ሻንሲው ጠንካራ። በከባዶቹ ውስጥ ግን የተቀመጠው ሞተር ዲትሮይት ዲዝል ሆነ፤ የጀነራል ሞተርስ የራሱ ልጅ፣ ባለ ሁለት ምት ናፍጣ።

ሞተሩ መጥፎ አይደለም፤ ያለ ቦታው የገባ ነው። በተለመደው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ሁለቴ ወርዶ አንዴ ብቻ ይሠራል። በባለ ሁለት ምቱ ውስጥ በወረደ ቁጥር ይሠራል። ስለዚህ ከትንሽ ብረት ብዙ ጉልበት ይወጣል። ጭሱን ጠርጎ ንጹሕ አየር የሚያስገባለት ነፊ ያስፈልገዋል፤ ነፊው ራሱ ጉልበት ይበላል። ድምፁ እንደ ተናደደ ንብ ነው። ሾፌሩም ሞተሩን ሁልጊዜ ከፍ ባለ ዙር ካልያዘው መኪናው ዳገት ላይ ይሞትበታል። ናፍጣ እንደ ውኃ በሚቀዳባት አሜሪካ ይህ ችግር አልነበረም። የእንግሊዝ የመኪና ባለቤት ግን ጋርድነር በሚባል፣ ቀስ ብሎ በሚዞር፣ ነዳጅ በጠብታ በሚጠጣ ሞተር ያደገ ነው። የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ በሆነ ማግስት ይህን ጠጪ ሞተር እንዲገዛ መጠየቅ ድፍረት ነበር። በኋላ ከሚንዝ የተባለ ሌላ ሞተርም ተገጠመለት፤ ስሙ ግን አንዴ ወጥቷል። ልብ በሉ፤ በ1934 ሉተን ሕጉን አንብቦ መኪናውን ቀለል አድርጎ ነበር። በ1974 ግን ሞተሩን የመረጠው ገበያው አልነበረም።

1980 እና 1981 ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወደቀ። የእንግሊዝ ኢኮኖሚ ተኮማተረ፣ የጭነት መኪና የሚገዛ ጠፋ። የሰሜን ባሕር ነዳጅ ፓውንዱን ስላወደደው ወደ ውጭ የሚላከው ቤድፎርድ ተወደደ። አፍሪካና እስያ ውስጥ የጃፓን መኪኖች ቦታውን ያዙ፤ ከእነርሱ አንዱ ኢሱዙ ሲሆን፣ ጀነራል ሞተርስ በእርሱም ድርሻ ነበረው። ዲትሮይት የቀኝ እጁን በግራ እጁ እየቀደመ ነበር ማለት ነው።

አሁን «መንግሥት ገደለው» ወደሚለው። የካቲት 1986 ላይ ጀነራል ሞተርስ በመንግሥት እጅ የነበሩትን የሌይላንድን የጭነት መኪናዎችና ላንድሮቨርን ለመግዛት ድርድር ላይ መሆኑ ወጣ። ሐሳቡ ቤድፎርድንና ሌይላንድን አንድ አድርጎ ከአውሮፓውያን ጋር መወዳደር ነበር። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ገና በጥር ወር ዌስትላንድ የተባለ የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ለአሜሪካኖች ይሰጥ አይሰጥ በሚል ጠብ ሁለት ሚኒስትሮች ከማርጋሬት ታቸር ካቢኔ ወጥተዋል። በዚያ ላይ ፎርድ የመንግሥቱን የቤት መኪና ፋብሪካ ኦስቲን ሮቨርን ሊገዛ ነው የሚለው ወሬ ተሰምቶ፣ ከተነሣው ጩኸት የተነሣ መንግሥት ሐሳቡን ትቶታል። ላንድሮቨር ደግሞ ለእንግሊዞች መኪና ብቻ አይደለም፤ የታቸር ፓርቲ አባላት ራሳቸው በምክር ቤት ተነሥተው ተቃወሙ። መንግሥት ላንድሮቨር በእንግሊዝ እጅ ይቆይ አለ። ጀነራል ሞተርስ ያለ ላንድሮቨር አልፈልግም ብሎ በመጋቢት ወጣ። በመስከረም ደግሞ ቤድፎርድ ከባድ የጭነት መኪና መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ።

ቅደም ተከተሉን ያየ ሰው መንግሥት ገደለው ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን አልስማማም። በዚያው በ1986 ጀነራል ሞተርስ በገዛ አገሩ የከባድ መኪና ሥራውን ከቮልቮ ጋር ለማዋሐድ ተስማማ፤ ትልቁ ድርሻ ለቮልቮ ነበር። በቤቱ የጣለውን ሥራ በሰው አገር ሊያቆየው አይችልም። ሽያጩ ቢሳካ ኖሮም የሚተርፈው ስም ሌይላንድ ይሆን ነበር። ሌይላንድ አዲስ ንድፍ ነበረውና፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ፋብሪካ ደግሞ ማንም አያቆይም። መንግሥት የነፈገው መድኃኒቱን ነው፤ በሽታው ከቲኤም ሞተር ምርጫ ጀምሮ የኖረ ነው።

የደንስተብሉን ፋብሪካ በ1987 ዴቪድ ብራውን የተባለ መሐንዲስ ገዛው። በወገቡ የሚታጠፍ ገልባጭ መኪና በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። ኤደብሊዩዲ ብሎ ሰየመው፤ ተስፋ ያደረገው በጦሩ ትእዛዝ ላይ ነበር። ትልቁን የ4 ቶን ወታደራዊ መኪና ውል ግን በ1989 ሌይላንድ ዳፍ፣ ማለትም ከሆላንዱ ዳፍ ጋር የተዋሐደው ሌይላንድ፣ ወሰደው። ኤደብሊዩዲ በ1992 ከሰረ። ውሉን የወሰደው ሌይላንድ ዳፍም በ1993 መጀመሪያ ከሰረ፤ ለእኔ ይህ ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመኝ ክፍል ነው። ቫኖቹ ሉተን ውስጥ ከኢሱዙ ጋር በሽርክና ተሠሩ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤድፎርድ የሚለው ስም ቀርቶ ቮክስሆል ተባሉ። ያ የቫን ፋብሪካም በመጋቢት 2025 በሩን ዘጋ። ያኔ ባለቤቱ አሜሪካዊ አልነበረም።

ስለ ፎቶግራፉ፦ መሪው በቀኝ መሆኑ አያስገርምዎ። ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ መስመር የተዛወረችው በ1964 ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ይነዳ ነበርና ከእንግሊዝ የመጣ መኪና እንዳለ ይሠራ ነበር። ሞዴሉን ለማወቅ መጀመሪያ አፍንጫውን ይመልከቱ። ከጋቢናው ፊት ረጅም ኮፈን ካለውና ከፊቱ ላይ ቤድፎርድ የሚል ፊደል በሰፊው ከተጻፈበት ቲጄ ይሆናል። አፍንጫው አጭርና ክብ፣ እንደ በሬ ግንባር የሰፋ ከሆነ ኤስ ነው። ፊቱ ዝርግ ከሆነ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለውን ጎን ያጉሉት፤ እዚያ ላይ የክዳን መስመር ከታየ ቲኬ ነው። አባትዎ ጤነኛ ከሆኑ ግን ይህን ሁሉ ትተው፣ ዘይት የሚለኩት ከየት በኩል እንደነበር ይጠይቋቸው።